የሐጂ መኪና በኮምፒውተር ውስጥ

ባለቤቴ እግሩ ጄሶ ውስጥ በነበረበት ክረምት፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ካለ ኮምፒውተር ቤት አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁለት። ባለሱቁ ፊልምና ጨዋታ ሞልቶበት ነው የሸጠልኝ። ፊልሞቹን ባለቤቴ ዞር ብሎም አላያቸው። ከጨዋታዎቹ ግን አንዱን ከፍቶ በዚያው ቀረ። የጭነት መኪና መንዳት ነው። አሮጌ ጌም ነው፤ ዛፎቹ ከወረቀት ተቀደው የተሰኩ ይመስላሉ፣ በመንገዱ ላይ ሰው የሚባል አይታይም። አፍንጫቸው የረዘመ የፈረንጅ መኪናዎች፣ ሰፊ አስፋልት፣ ከአንዱ ከተማ ጭነት አንስቶ ሌላው ማድረስ፤ ይኸው ነው። ጠዋት ሥራ ስገባ ሲነዳ ትቼው እወጣለሁ፣ ለምሳ ስመለስ ሲነዳ አገኘዋለሁ።

ሾፌር ነው። ከአጋሮ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ሲያደርስ የኖረ። የሚነዳት መኪና የአንድ ሽማግሌ የቡና ነጋዴ ናት፤ ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፣ እኛም ሐጂ ነው የምንላቸው። ከፋሲካ በኋላ፣ ጭነት እንደያዘ የጊቤን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለው። ገደል ከመግባት ብሎ መሪውን ወደ ተራራው አዞረ። መኪናዋ ተራራው ላይ ተለጥፋ ቆመች። እሱ እግሩ ተሰበረ። ረዳቱ፣ የደዶ ሰው ነው፣ የልጆች አባት፣ ቀድሞ ዘሎ ክንዱ ተላጠ። የሞተ ሰው የለም። ይህቺን «የሞተ ሰው የለም» የምትል ነገር በዚያ ሰሞን ስደጋግማት ከረምኩ፤ ለእናቴ በስልክ፣ ለጎረቤት በበር ላይ፣ ለመሥሪያ ቤት ሰው በኮሪደር።

«እንኳን እግዚአብሔር አተረፈልሽ» ይሉኛል።

«ይመስገን» እላለሁ።

እላለሁ እንጂ ውስጤ ምንም አልነበረም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ድድ ሲነኩት መነካቱ ይታወቃል፣ የራስ እንደሆነ ግን አይሰማም፤ እንደዚያ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የቅዳሴውን ተሰጥዎ አንድም ሳላጓድል እመልሳለሁ። ስግደቱንም እሰግዳለሁ። ባል ከሞት የተረፈላት ሴት ማልቀስ የሚገባት ቦታ ላይ ስደርስ ግን ዓይኔ ደረቅ ነው። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

«ቆመሽ መመለስሽን አታቋርጪ ልጄ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

አላቋረጥኩም።

እኔ የጅማ ሰው አይደለሁም። ደብረ ታቦር ተወልጄ፣ ትምህርቴን ጨርሼ በምደባ ነው የመጣሁት፤ ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎች ማህደር ክፍል እሠራለሁ። እሱ ግን እዚሁ ጅማ ተወልዶ ያደገ ነው። የምንኖረው ጊንጆ ጉዱሩ ተከራይተን ነው። እናቴ በደወለች ቁጥር «እዚያ ሰው አገር ብቻሽን» ትላለች። አግብቼም ለእሷ ብቻዬን ነኝ። መንገዱ እንደ ድሮው ስላልሆነ ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። ስለ እሷም ሲያነሱብኝ «ይመስገን፣ ደህና ናት» እላለሁ፤ ያው በዚያው ድምፅ።

ጄሶው ወልቆ፣ መስቀል እንዳለፈ ሐጂ ከአጋሮ ሊጠይቁን መጡ። ብርቱካን በፌስታል ይዘው ነው። ቁጭ ካሉ በኋላ ስክሪኑን አዩት።

«ይሄ ደሞ ምንድን ነው?»

«መኪና ነው ሐጂ። ጨዋታ ነው» አላቸው ባለቤቴ።

«አጂብ! እግርህም ተሰብሮ መኪና አትተው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ብርቱካኑን ልጠው ሲጨርሱ፣ ወደ ስክሪኑ እያዩ ነገሩን ጀመሩት። «መኪናዋ ተሠርታለች። ቀለምም ቀብተናታል። የመጀመሪያው ጀንፈል እስኪጫን ድረስ ቦታህ ያንተ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ገበያው አይጠብቀኝም። ኢንሻአላህ ትመጣለህ።»

«ኢንሻአላህ፣ ሐጂ።»

ጀንፈል ከነገለባው የደረቀው ቡና ነው፤ እሱ የሚጫነው ገና አካባቢ ነው። ባለቤቴ ክርስቲያን ነው፣ ጅማ ያደገ ሰው ግን ኢንሻአላህ ለማለት አይቸገርም። ችግሩ እሱ ኢንሻአላህ ሲል እመጣለሁ ማለቱ ይሁን አልመጣም ማለቱ እኔ ሚስቱ እንኳ አለማወቄ ነው።

በሳምንቱ መኪናዋን ለማየት ብለን አጋሮ ወረድን። ሐጂ ግቢ ቆማለች፤ ፊቷ አረንጓዴ፣ ስፖንዳዋ ሰማያዊ፣ አዲስ ሸራ ለብሳለች። ባለቤቴ የጋቢናውን በር ከፈተ። ደህናውን እግሩን መርገጫው ላይ አደረገ፣ እጀታውን ያዘ። እንደዚያው ቆየ። ቀስ ብሎ ወረደ።

«ፀሐዩ ከረረ» አለኝ።

ፀሐይ አልነበረም፤ ደመና ነበር። ሐጂም ሰምተዋል፣ ወደ ሰማይ ግን አላዩም። «ግቡና ሻይ ጠጡ» አሉን። በሚኒባስ ስንመለስ አልጠየቅሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ማንም የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ ገብቶ ተቀመጠ፤ ይነዳል ወይስ አይነዳም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ምሳ እያቀረብኩ ሳለ ስክሪኑን በአገጩ አመለከተኝ።

«ይቺ የኔ መኪና አይደለችም።»

«የፈረንጅ ናታ።»

«የኛ ዓይነት የላቸውም?»

ከአደጋው በኋላ ከመድኃኒትና ከውሃ ሌላ አምጪልኝ ያለኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ከሥራ ስወጣ ወደ ኮምፒውተር ቤቱ ሄድኩ። ባለሱቁ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ ለአንዱ ፍላሽ እየሞላ፣ ለሌላው ስልክ እየከፈተ፣ በሩን የረገጠውን ሁሉ ይጣራል።

«አካም ጂርቱ እህቴ! ኮምፒውተሩ አስቸገረ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው። እዚያ ጌም ውስጥ የኛን አገር መኪና ማስገባት ይቻላል ወይ ብዬ ነው።»

«ሞድ ነው የምትፈልጊው!» አለ፣ የጠፋበትን ዕቃ እንዳገኘሁለት። «ጌሙን የሠሩት ሰዎች ያላደረጉትን ሌላ ሰው ሠርቶ ይጨምርበታል። መኪና ትፈልጊያለሽ? አለ። ክላክስ? አለ። መንገድም አለ፤ ከጅማ እስከ ወልቂጤ ቁጭ ብሎ የሠራ አንድ ተማሪ ነበር፣ ተመርቆ ሄደ እንጂ።»

«ጊቤም አለበት?»

«ጊቤ ከሌለው ታዲያ በየት በኩል ወልቂጤ ሊደርስ ነው?»

መኪናዋን ወሰድኩ። መንገዱን አልወሰድኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጬ ጀመርኩ። መሥሪያ ቤት የለመድኩት ነገር ስለሆነ መጀመሪያ የጌሙን ዋና ፋይሎች ኮፒ አድርጌ ሌላ ቦታ አስቀመጥኩ፤ ከመነካካት በፊት መልሰው የሚያገኙትን ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ሰውየው እንዳሳየኝ የታሸገውን ፈታሁ፣ በተባለው ፎልደር ውስጥ አስገባሁ። አንቲቫይረሱ ቫይረስ ነው ብሎ ግማሹን ዋጠው። አንቲቫይረሱን አስተኝቼ እንደገና ፈታሁ። ጌሙ ተከፈተ። ያቺው አፍንጫዋ የረዘመ የፈረንጅ መኪና ቆማለች።

በሌላ ፎልደር ሞከርኩ። አጥፍቼ አበራሁ። ሳምንቱን ጠብቄ ደግሞ ሞከርኩ። በመጨረሻ ጌሙ መኪናዋን በስም ማወቅ ጀመረ፣ ስሟን ነክቼ ስከፍታት ግን የምትመጣው ያቺው ፈረንጇ ነበረች።

«ተይው በቃ» አለኝ ባለቤቴ።

«ስሟ መጥቷል እኮ። ስሟ ከመጣ እሷም አለች ማለት ነው።»

«አንቺ ደሞ እልኸኛ ነሽ።»

እልህ አልነበረም። እልህም አንድ ስሜት ነው። ብቻ እጄ የሚሠራው ነገር አግኝቷል፤ ምንም ሳይሰማኝ ልሠራው የምችል፣ ስሳሳትም ማንንም የማይጎዳ ነገር።

የነቢያት ጾም ሊገባ አካባቢ ዋናውን የኮምፒውተሩን ሣጥን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ በባጃጅ ሂርማታ ወሰድኩት። ባለሱቁ ከራሱ ስክሪን ጋር አገናኝቶ አበራው። ፎልደሮቹን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ወላሂ ንጹሕ ሥራ ነው፤ ከኔ ይበልጣል» አለ። ከዚያ ድንገት ወደ ስክሪኑ ጥግ ተጠጋና ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም ነበር።

«እህቴ፣ ይሄ ኮምፒውተር የአበሻ ዘመን ነው እንዴ የሚቆጥረው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ውስጥ ያለችው የሰዓት ባትሪ ሞታ፣ ባበራሁት ቁጥር ቀኑን ሙይልኝ ይለኝ ነበር። ጊዜው የመስከረም መጀመሪያ ነው። ወር ሲለኝ አንደኛ ብዬ መስከረምን ሞላሁ፤ ዓመተ ምሕረቱንም የኛን ጻፍኩ። ሰዓቱንም በኛ። ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ በፈረንጅ ቀን የሚቆጥር ነገር ከጾሙና ከበዓሉ እያምታታ እንዳያስቸግረኝ ብዬ ነው። ስሞላው ደስ እንኳ ብሎኝ ነበር ማለት እችላለሁ።

«ምን አለበት?» አልኩት።

«ምን አለበት?» ወንበሩን ወደኔ አዞረ። «ይሄ ጌም አሮጌ ነው፤ አሮጌ ጌም ፋይሎቹን የሚያነበው በቀናቸው ተራ ነው። ሁለት ነገር አንድ ቦታ ከመጣ መጨረሻ የተወለደው የፊተኛውን ይሸፍነዋል። ጌሙን እኔ የጫንኩልሽ ባትሪው ሳይሞት፣ በፈረንጅ ቀን ነው። ያንቺ መኪና ስትፈታ ደግሞ የኮምፒውተርሽን ቀን ለበሰች። ከጌሙ በሰባት ዓመት ቀድማ ተወለደች ማለት ነው። ትገባለች፣ ከኋላ ፈረንጇ መጥታ ትቀመጥባታለች። ማሎ፣ ስንት ጊዜ ደከምሽ!»

«ጌሙን በኛ ቀን ማድረግ አይቻልም?»

«ይቻላል። እያንዳንዱን ፋይል ወደ ኋላ መመለስ ነው። ግን ፈረንጁን ሁሉ ጾም ከምታስገቢው አንቺ ቀኑን ብትቀይሪ አይቀልም?»

አብረውት የቆሙ ደንበኞች ሳቁ። እኔም እንደመሳቅ አልኩ። ባትሪውን ቀየረልኝ፣ ቀኑን በፈረንጅ ሞላው። ከዚያ ወዲህ በዓላቱን የማየው ግድግዳ ላይ ካለው ካሌንደር ነው።

ቤት ተመልሼ ሞዱን እንደገና ፈትቼ አስገባሁ። ጌሙ ተከፈተ። ጋራዡ ውስጥ አጭር አፍንጫ ያላት፣ ጋቢናዋ ከፍ ያለ፣ ጎማዋ ጭቃ የመሰለ የኛው መኪና ቆማለች። ባለቤቴ ወንበሩን ሳበና ተጠጋ። ዞር ዞር እያደረገ አያት፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ።

«ናት» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ቀለሟ ግን አይደለም» አለ።

ቀለሙን እኔ ሠራሁት። መኪናዋን የሚያለብሰው ሥዕል ለብቻው ፋይል ሆኖ ተዘርግቶ የተቀመጠ ነው፤ እንደ ተፈታ ልብስ፣ እጅጌው እዚህ፣ ጀርባው እዚያ። የትኛው ቁራጭ የትኛው ጎን እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ቀይ፣ አንዱን ቢጫ እየቀባሁ ጌሙን ከፍቼ አያለሁ። ፊቷን አረንጓዴ፣ ስፖንዳዋን ሰማያዊ አደረግሁ። የሐጂ መኪና ግንባሯ ላይ «ማሻአላህ» የሚል አለ፤ ጻፍኩት፣ በመሃል አስተካክዬ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ «ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ላይ» ይላል። ስፖኪዮው ላይ የታሰረውን ቀይ ጨርቅ እንኳ አልረሳም።

ጋቢናው ውስጥ ስንደርስ ነው የተለያየነው። እውነተኛዋ መኪና ውስጥ ከመሪው በላይ የእመቤታችን ሥዕል ነበረችው። ሐጂ አንድ ቀን ቃል ተናግረው አያውቁም፤ ግንባሯ ላይ ማሻአላህ፣ ውስጧ እመቤታችን፣ እንዲሁ ነበር የምትሄደው።

«እሷንም አድርጊያት» አለኝ።

«አላደርግም።»

«ለምን?»

«ጨዋታ ውስጥ? ስትጋጭ፣ ስትገለበጥ፣ እሷ ውስጧ ሆና? መኪናዋን ዘግተህ ስትወጣ እሷን በማውዝ ዘግተህ ልትወጣ? አላደርግም።»

«ያለ እሷ ወርጄ አላውቅም።»

ይህን ያለው ቁጣ በሌለው ድምፅ ነው፤ መርፌና ክር የት አለ ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው። ወርጄ ማለቱን ልብ አልኩት። ጊቤን ነው። መንገዱን ያላመጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን በልቡ ደርሶበታል።

ለሁለት ቀን እንዲሁ ተውነው። ከዚያ እሁድ ቅዳሴ ቆሜ ወደ ሥዕል ቤቱ ሳይ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ማን እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን፤ የምንሰግደውም ተዘግቶ ሳለ ነው። ቤት ገብቼ ከመሪው በላይ፣ በቦታዋ፣ ትንሽ ቀይ መጋረጃ ሠራሁ። ጫፉን በቢጫ ዘመዘምኩት። የተዘጋ መጋረጃ፣ ሌላ ምንም የለም። ባለቤቴ አየው። እጁን አንስቶ አማተበ፣ ከዚያ በስክሪን ፊት ማማተቡ ያሳፈረው ይመስል ጆሮውን አከከ።

በዚያው ሳምንት ረዳቱ ከደዶ ጥቅል ጎመንና ድንች በጆንያ ተሸክሞ መጣ። ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ ደርቆ ነጥቷል።

«ዋ! ይቺ የኛ ናት!» አለ ስክሪኑን እንዳየ። ጆንያውን ሳያወርድ። «እትዬ፣ ይሄን ማን ሠራው?»

«እሷ ናት» አለው ባለቤቴ።

«ኧረግ! ረዳቱስ የት አለ? እኔን አላስገባሽኝም?»

«አንተ ዘለሃል» አለው ባለቤቴ።

ረዳቱ ሳቀ፣ ተቀመጠ፣ ጥቂት ጊዜ ሲነዳ አየው። ባለቤቴ ዳገት ላይ አቁሞ ሻይ ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ ረዳቱ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

«ታኮ ማን ያደርግልሃል? ልትንሸራተት ነው!»

«እዚህ ታኮ የለም። ከጎማ ሥር ድንጋይ ማድረግ የለም። ፍሬኑ ይይዛታል።»

«የሚይዝ ፍሬን» አለ ረዳቱ ቀስ ብሎ። ሁለቱ ተያዩና ሳቁ፤ ሻዩ እስኪደፋ ድረስ። የባለቤቴን ሳቅ ከፋሲካ ወዲህ መስማቴ ነው። ሰማሁት። ጨርቅ አምጥቼ የፈሰሰውን ጠረግሁ።

ረዳቱ ሳቁ ሲበርድለት ቀጥታ ጠየቀው፤ እኔ ያልቻልኩትን። «ታዲያ ትመጣለህ? ጀንፈሉ እየደረቀ ነው። ሐጂ ሌላ ሰው እንዳላዩ አውቃለሁ።»

«እንጃ።»

«እኔ ምን ቸገረኝ፤ ዘልዬ ወርጃለሁ፣ ነገም ከሌላው ጋር እሳፈራለሁ። መሪ የያዘ ሰው አይዘልም። ላንተ ነው የከበደው፣ አውቃለሁ።» ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረ። «ጊቤስ የለበትም እዚህ ውስጥ?»

ባለቤቴ እኔን አየኝ።

«አለ አሉ» አልኩ።

«አለ? ምነው አላመጣሽው ታዲያ?» አለኝ ባለቤቴ።

«አልጠየቅኸኝማ።»

«አሁን ጠየቅሁሽ።»

አመጣሁት። ቀኑ ተስተካክሎ ስለነበር መንገዱ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ያ ተማሪ የሠራው መንገድ ብዙ ነገር ይጎድለዋል። ባለቤቴ እየነዳ ሲቆጥርበት እሰማዋለሁ። «ሰኮሩ የት ገባች? ሰኮሩን ዘሎ አለፈ እኮ። ይሄ ድልድይ ጠባብ ነበር። ዝንጀሮ የሌለበት ጊቤ ምን ጊቤ ነው?» እየነዳ አበልቲ ይደርሳል። ቁልቁለቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አበልቲ ሲደርስ መኪናዋን አዙሮ ወደ ጅማ ይመለሳል። በማግስቱም እንዲሁ። ከሥራ ስገባ ስክሪኑን አያለሁ፤ ወይ ወደ አበልቲ እየሄደ ነው ወይ ከአበልቲ እየተመለሰ ነው። ሐጂ በመሃል ደውለው የጤናውን ጠይቀው ነበር። ስለ ጀንፈሉ አላነሱም፣ ማሰጪያው ላይ ቡና የሚያገላብጡ ሰዎች ድምፅ ግን በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐዩ በመስኮት በኩል ገብቶ ስክሪኑን ሲያደበዝዘው፣ ተነስቼ መጋረጃ ዘጋሁለት።

«እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። አበልቲ ደርሷል። አላዞረም። ማርሹን ቀነሰ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ቁልቁለቱን ጀመረ። ይህን መንገድ በሚኒባስ ስሄድ ዓይኔን ጨፍኜ ጸሎት እያደረግሁ ነው የማልፈው፤ ስለዚህ ጊቤን በደንብ ያየሁት የዚያን ቀን ነው ማለት ይቻላል፣ ያውም ከወረቀት የተሠሩ በሚመስሉ ዛፎች መካከል። ኩርባውን አለፈ። ሌላውን አለፈ። ከዚያ ቀስ አደረገና አቆመ።

በግራ ገደል ነው። በቀኝ በኩል ግን ምንም አልነበረም። አስፋልቱ ያልቅና ግራጫ ባዶ ነገር ይጀምራል፤ ልጁ ሳይጨርሰው የተመረቀ ይመስለኛል።

«ተራራው እዚህ ጋ ነበር» አለ።

«ልጁ አልጨረሰውም።»

«አዎ።» ግራጫውን ትክ ብሎ አየው። «ያኔም እንዲህ ቢሆን መግቢያ የለኝም ነበር።»

እንደገና ተነሳ። ማርሹን ሳይቀይር፣ ሳይቸኩል፣ እስከ ድልድዩ ወረደ። ወንዙን ተሻግሮ ዳር አቆማት። ሞተሩን አጠፋ። እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወደኔ ዘረጋቸው፤ መዳፎቹ ደረቅ ናቸው።

«አየሽ፣ ምንም አልፈራሁም።»

ሊሄድ ነው አልኩ በልቤ። ልብሱን የት እንዳስቀመጥኩ፣ ስንቁን በምን እንደምቋጥርለት ማሰብ ጀምሬ ነበር። «እንግዲያው…» አልኩ።

«ቆይ ስሚኝማ። ይሄ መንገዱ ነው። ይቺ መኪናዋ ናት። ሁለቱም አላስፈሩኝም። እዚህ የሌለው አንድ ነገር ነው። ጭነት ይዘሽ ስትወርጂ ያ ሁሉ ቡና ከኋላሽ ይገፋሻል። በስክሪኑ አይታይም፤ ወገብሽ ላይ፣ መቀመጫሽ ላይ ነው የምታውቂው። ድሮ ሲገፋኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጭነት እንዳለኝ የማውቀው በዚያ ነው። አሁን ጋቢናው በር ላይ ስቆም እሱ ነው የሚመጣብኝ። ቆማ እያለች፣ ባዶዋን እያለች ይገፋኛል። የፈራሁት እሱን ነው። እሱን ደሞ አንቺም ያ ልጅም እዚህ ልታስገቡልኝ አትችሉም።»

«አንችልም» አልኩ።

«ስለዚህ ብወርደውም አልወረድኩትም። ስልኩን አቀብዪኝ።»

አቀበልኩት። ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሐጂ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ አንተ እንዴት ነህ? እግሩ?»

«ደህና ነው። ሐጂ፣ መኪናዋን ለሌላ ሰው ይስጧት። አልችልም።»

ከጀርባቸው ቡና የሚያገላብጡት ሰዎች በኦሮምኛ ሲቀላለዱ ይሰማል።

«አልችልም ነው ያልከኝ?»

«አዎ። እስካሁን ስላስጠበቅሁዎት ይቅር ይበሉኝ።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ደገሙት፤ «አልሃምዱሊላህ። ልጄ፣ እኔ ቦታህ ያንተ ነው ብዬህ የወጣሁ ቀን እቤቴ እስክደርስ ራሴን ስረግም ነው የሄድኩት። ባልልህ ሲሰበር ጣሉኝ ትላለህ። ብልህ ደሞ ትመጣለህ። ሚስቴ ሐጅያም ያንን ሰው እዚያ ቁልቁለት ላይ መልሰው ሊሰዱት ነው ብላ እስካሁን አኩርፋኛለች። ወላሂ፣ እምቢ በለኝ እያልኩ ስሰግድ ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ሐጂ መልስ አልጠበቁም። ሰው የሚያስፈልጋቸው ማሰጪያው ላይ መሆኑን፣ ሥራው ጎማ የሌለው መሆኑን፣ ሲመቸው መጥቶ እንዲነጋገሩ ነገሩት። እናያለን አላቸው። ሐጅያን ሰላም በሉልኝ አለ። ስልኩ ተዘጋ።

ስክሪኑ ላይ መኪናዋ ድልድዩ ዳር እንደቆመች ናት። ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ እግሩን ዘረጋ።

«ደስ አለሽ?» አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከእንግዲህ በሌሊት ስልክ ሲጮህ የምደነግጥበት ነገር የለም። ሊከፋኝም ይገባ ነበር፤ ለመንዳት የተፈጠረ ሰው ነው። ሁለቱንም ፈልጌ አጣኋቸው።

«እንጃ» አልኩት።

«እኔም እንጃ» አለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ሽሮውን ላሞቅ ተነሳሁ።